በየካ ዳገት ስድስት ቅጠል ወረቀት ፍለጋ

አዲስ አበባ ሄደህ ምን አየህ ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ እንጦጦ ላይ አንድ በርሜል ቆሻሻ ከላይ እስከ ታች አየሁ። ሌላ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። እንጦጦ ፓርክን በአጥሩ በኩል አልፌዋለሁ። በባቡርም ሄጃለሁ፣ ግን ዓይኔን ከጭኔ ላይ ስላላነሳሁ ልነግራችሁ የምችለው ከጭኔ ቀጥሎ ያለውን ወለል ብቻ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔም የሳቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ከቡታጅራ መነሃሪያ የወጣነው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንደሄድኩ ያልሰማ ካለ ልንገረው። ከከተማችን ውጭ ያለው የቆሻሻ መድፊያ ላይ ሃይላንድ፣ ቆርቆሮና ካርቶን እየለቀሙ ቤት የሚያስተዳድሩ አርባ ሁለት ሴቶች አሉ። አሁን አዲስ ሕግ መጣ። ፌስታል ቀረ፤ ቆሻሻ ከየቤቱ ተለይቶ ይውጣ ተባለ፤ የሚሰበስበውም ሰው ይመዝገብ የሚል ረቂቅ ደንብ ተከተለ። ሊያስረዳን የመጣው ባለሙያ አዳራሽ ሰብስቦን “ሰርኩላር ኢኮኖሚ፣ ሰርኩላር ኢኮኖሚ” ሲል ዋለ። የሴቶቹ አለቃ እትዬ አስካለ እጇን አወጣች።

“የተጣለ ዕቃ ተመልሶ ዕቃ ይሁን ነው የምትለን?”

“በትክክል!”

“እሱንማ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። አሁን ምን አድርጉ ነው?”

መልሱ ነው ያስደነገጠን። ስማቸውና የጣት አሻራቸው ያለበት ወረቀት የካ ካለው የምዝገባ ቢሮ እስከ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ከገባ፣ በሥራው ላይ የነበሩ ሰብሳቢዎች ተብለው ይመዘገባሉ። ካልገባ መድፊያው ታጥሮ ለድርጅት ሲሰጥ ከአጥሩ ውጭ ይቀራሉ። ኮፒ አይሆንም። የስልክ ፎቶ አይሆንም። ዋናው ወረቀት ራሱ መግባት አለበት።

አድራሽ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለኖርኩ መንገድ አይጠፋበትም ብለው ነው። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ማረፊያዬ አብሮ አደጌ ከድጃ ቤት ነው። ከድጃ የካ ዳገት ላይ ሱቅ አላት። እንደምመጣ ስነግራት፣ “ከረሜላ ምናምን እንዳታመጣ! ፌስታል ከቀረ ወዲህ የምጠቀልልበት ወረቀት አጥቼ አብጃለሁ። የተማሪዎችህን የድሮ ፈተና ጠራርገህ አምጣልኝ” አለችኝ። አንድ እቅፍ ሙሉ አሰርኩላት።

ከዚያ ያቺ ብልሃቴ መጣች። መገናኛ ኪስ አውላቂ አለ ብሎ ያላስፈራራኝ ሰው የለም። ስለዚህ የሴቶቹ ስምና አሻራ ያለባቸውን ስድስቱን ቅጠል ከፈተናዎቹ መሃል ደበቅኳቸው። የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ፈተና የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም። ባለቤቶቹም እንኳ አርሜ ስሰጣቸው አይወስዱትም።

መንገድ ላይ ሕጉ ሥራ መጀመሩን በዓይኔ አየሁ። ድሮ ረዳቱ መኪና ለሚያመው ሰው ፌስታል ያድል ነበር። አሁን አንዲት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ፣ “ማነው ባለተራ? ቶሎ ቶሎ!” እያለ ይመላለሳል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቆርቆሮዋ እስክትደርሳት አልቻለችም። “ጋሼ፣ በእናትህ ከዚያ ወረቀት ትንሽ!” አለችኝ። ከላይ ያለውን ብቻ ስቤ ሰጠኋት። ከመቶ አሥራ ሁለት ያመጣ ልጅ ፈተና ነበር፣ ከዚያ በላይ አይበላሽም።

አየር ጤና ወረድኩ፣ በታክሲ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በባቡር መገናኛ። መገናኛ ስወርድ ሰሜንና ደቡብ ጠፉኝ። እኛ ጋ አደባባዩ ላይ ቆመህ የምታውቀው ሰው እስኪያልፍ ትጠብቃለህ። እዚያ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ጎርፍ ይገፋሃል፣ ታክሲው ይጮኻል፣ አንዱን መንገድ ስትጠይቀው ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ አለ። እስሬን እንደ ሕፃን አቅፌ ሦስት ጊዜ ዞሬ እዚያው ቦታ ደረስኩ። መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናት።

“ደረሰ?”

“አዎ፣ ደርሻለሁ።”

“አንተን አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ነው።”

ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ አለቀ። ቡታጅራ ላይ ለአንድ እርምጃም ባጃጅ ነው፤ እዚያ ግን የሰው ቤት የሚደረሰው በደረጃ ነው። ከድጃና ባለቤቷ ሸምሱ በር ላይ ጠበቁኝ። ገና ስገባ እስሩን ሰጠኋት። ምን ላድርግ? አምጣ የተባለውን ይዞ ገብቶ እጅ ላይ ማቆየት ነውር ነው። የእኔን ስድስት ቅጠል ከእራት በኋላ አወጣለሁ ብዬ ነው። እራቱ ቆጮና ጎመን ነበር፣ ሸምሱ ደግሞ “አልበላህም!” እያለ አስጨነቀኝ። አልጋቸውን ለቀውልኝ ራሳቸው ወለል ላይ አነጠፉ። ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ።

ረቡዕ

ስነቃ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እስሩ የለም።

የሸምሱን ነጠላ ጫማ ግራና ቀኙን አዛንፌ አጥልቄ ወደ ሱቋ ሮጥኩ። ከድጃ መደርደሪያው ላይ እንደ ቀንድ የጠቀለለቻቸውን ወረቀቶች ደርድራ ፈገግ ብላ ቆማለች።

“አየህልኝ? አንተ ስታንኮራፋ ይሄን ሁሉ ጠቀለልኩ! ሱቁ ሙሽራ አልመሰለም?”

“ከድጃ… መሃሉ ላይ… ስም ያለበት… ሰማያዊ ጣት…”

“ሰማያዊ ጣት ያለበት? ያ ወፍራሙ? እሱንማ ለጥሩ ደንበኛ ነው የመደብኩት! ስኳር አያስወጣ፣ በርበሬ አያስወጣ…” ፊቴን አየች። “ምን ሆነሃል አንተ?”

ነገርኳት። ባንኮኒው ላይ ቁጭ አለች።

“ፎቶስ አላነሳኸውም?”

“አውቶቡስ ላይ ያነሳሁት አለ መሰለኝ” ብዬ ስልኬን ሰጠኋት። ከፈተችው። አንዱ የራሴ ፊት፣ ሌላው የበላሁት ቦንቦሊኖ ነው።

“ያ ረቢ፣ ማንን ነው የላኩት!” አለች።

ግን ከድጃ ባለ ሱቅ ናት፤ ማን ምን እንደገዛ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱ ቅጠል ባዶ ቀንድ ሆነው መደርደሪያው ላይ ተገኙ። አንዱ በስኳር ወደ ማዶ ልብስ ሰፊው ሄዷል። ሁለቱ በበርበሬ ከታች ወዳለችው ሴትዮ። አንዱ ደግሞ ቆሎ ተጠቅልሎበት፣ እንጦጦ ላይ ጥበቃ ለሚሠሩት ጋሽ ወልዴ። ቆጠረችና ሱቋን ዘጋች። የጠዋት ገበያ ላይ ሱቅ መዝጋት ምን እንደሆነ ባለ ሱቅ ያውቀዋል። ተዪው ልላት አፌን ስከፍት፣ “ዝም ብለህ ሂድ!” አለችኝ።

ልብስ ሰፊው ጋ ቀላል ነበር። ስኳሩን ገልብጦ ወረቀቱን አራት አጥፎ ከስፌት መኪናው እግር ሥር ወትፎታል። “እንዳትነቀንቀኝ ብዬ ነው” አለ። መኪናውን አነሳንለት። በምትኩ የአንድ ተማሪዬን ፈተና አጥፌ ወተፍኩለት።

ባለ በርበሬዋ ግን ቤት የለችም። በሯ ላይ እስከ ሰባት ሰዓት ቆምን። እትዬ አስካለ ደወለች።

“ገባ?”

“ወረፋ ላይ ነኝ” አልኳት።

ከድጃ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። “እሷንም ዋሸሃት?”

“እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።”

“አንተ ነህ የደነገጥከው።”

ሴትዮዋ መጣች። በርበሬውን ዕቃ ውስጥ ገልብጣዋለች፤ ወረቀቶቹን ግን ለከሰል ማቀጣጠያ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣለች። እኔ ሴትዮዋን ቀድሜ ገባሁ፣ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩም። አንዱ ጫፉ ተለብልቧል። ስሞቹ አሉ። ጣቶቹም አሉ፣ በርበሬ ለብሰው። ደስታዬን ልገልጽ ስል ማስነጠስ ጀመርኩና ወረቀቱን ነጥቀውኝ ወደ ውጭ አስወጡኝ።

አምስት ቅጠል ተገኘ። ስድስተኛው ተራራ ላይ ነው።

በሚኒባስ እስከሚወስደን ሄደን ቀሪውን በእግር ወጣን። ባሕር ዛፉ መሃል ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቡታጅራ ላይ በዚያ ሰዓት ሸሚዝ ይከብዳል። ከድጃ በሱቅ ጫማዋ ቀድማኝ ትሄዳለች፣ እኔ በሸምሱ ነጠላ ጫማ እንፏቀቃለሁ። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ነበር ይላሉ። እኔ ተረከዜን ነው ያየሁት።

ጋሽ ወልዴ የሚጠብቁት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። በር ላይ ሦስት የሚያማምሩ የቆሻሻ መጣያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለምግብ ትራፊ። እኛ ጋ አንድ ጉድጓድ ነው ያለው፣ ለሁሉም።

“ጋሽ ወልዴ፣ የጠዋቱ ቆሎ ወረቀት የት ደረሰ?” አለች ከድጃ።

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። “ቆሎዬን በላሁ፤ ወረቀቱን በሕጉ መሠረት ወረቀት በሚጣልበት ጣልኩ! እኔ እንደ ሌላው አይደለሁም።”

የወረቀቱን መጣያ ከፈትኩ። ባዶ። የፕላስቲኩም ባዶ። “ጽዳቷ ወደ ጓሮ ወስዳዋለች” አሉ። ጓሮ ስንሄድ ደረቴ ድረስ የሚደርስ አንድ በርሜል ቆሟል። ሦስቱም እዚያ አንድ ሆነዋል።

“ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?”

“አሥር ሰዓት።”

ዘጠኝ ተኩል አልፏል። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ብብቴ ከተትኩና ወዲያው ጮህኩ። ጠርሙስ ነው። ጣቴ ደማ። ስለ መድፊያው ሴቶች በየስብሰባው የተናገርኩ ሰው ነኝ፣ በጭብጨባ። እጄን ቆሻሻ ውስጥ ስከት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከድጃ በሻርፗ ጣቴን እያሰረች፣ “ደውልላት” አለች።

“ለማን?”

“ሥራውን ለምታውቀው!”

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈተናውን፣ ቆሎውን፣ ወረፋ ላይ አለመሆኔን። ከዚያ፣

“እጅህን አውጣ” አለች። “ዳግመኛ እጅህን እንዳትከት። በርሜሉን አጋድመው። ቀስ ብለህ። ከላይ ያለው የምሳ ነው፣ የጠዋቱ ከሥር ነው። ከሥር ጀምር።”

ከድጃና ጋሽ ወልዴ በርሜሉን አጋደሙት፤ እኔ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ተንበረከክሁ።

“አይታየኝም እትዬ አስካለ! ወረቀት የሚባል የለም!”

“ወረቀቱን አትፈልግ። ወረቀት ያልሆነውን እያነሳህ ወደ ጎን አድርግ። እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ። መጨረሻ ላይ የሚቀርህ ወረቀቱ ነው።” አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። “ምንድን ነው እሱ? ሃይላንድ ነው? እንዳትረግጠው!”

“እትዬ አስካለ፣ አሁን ስለ ሃይላንድ…”

“ለብቻ አስቀምጥ ብያለሁ!”

ለብቻ አስቀመጥኩ። የእንቁላል ቅርፊት ለብቻ፣ የአቮካዶ ልጣጭ ለብቻ። ከታች መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ መጣ፣ ዳገቱን እያቃሰተ። ጋሽ ወልዴ፣ “መጣ፣ መጣ!” እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ከአንድ የተጨማደደ ካርቶን ሥር ሰማያዊ ነገር አየሁ። ጣት ነው። ጎትቼ አወጣሁት።

ከላይ በኩል ተቀዷል።

ጋሽ ወልዴ ተመልሰው መጡና አዩት። “እሱን እኔ ነኝ የቀደድኩት። ጠዋት ለአንድ ሚኒባስ ሹፌር ስልኬን ጽፌ ሰጠሁት።”

“የሹፌሩን ስልክስ ያውቁታል?”

“እሱ ነው የሚደውልልኝ” አሉ።

የዚያ ገጽ የመጀመሪያ ስም የአለቃዋ የእትዬ አስካለ ነበር። ስልኩ አልተዘጋም።

“አገኘኸው?”

“አገኘሁት።”

“ሁሉም አለ?”

ምላሴ ላይ “አዎ” የሚለው ደርሶ ነበር። ከድጃ ታየኛለች።

“ያንቺ የለም። ከነአሻራው ተቀዷል።”

መኪናው ከኋላዬ ያጓራል።

“ሌሎቹስ?”

“አርባ አንዱም አሉ።”

“እሺ” አለችና ዘጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእራት በፊት ከድጃ ወረቀቶቹን በጨርቅ ሸፍና በካውያ ተኮሰቻቸው። ሸምሱ ጫፋቸውን ይይዝላታል። ማንም አልቀለደም፣ እኔም ጭምር።

ሐሙስ

ከድጃ ስድስቱን ቅጠል በሁለት የብስኩት ካርቶን መሃል አድርጋ በክር አሰረችልኝ። “ለማንም ‘ይኸው’ እንዳትል” ብላ አስጠነቀቀችኝ። እትዬ አስካለ ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ተቀይማኛለች አልኩ።

ቢሮውን በፊት ለፊቱ ሁለት ጊዜ አልፌው በሦስተኛው አገኘሁት። የጂኦግራፊ መምህር መሆኔን ያኔ ለማንም አልነገርኩም። ሰነድ የምትቀበለዋ ልጅ ክሩን ፈታችና አፍንጫዋን ያዘች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“በርበሬ።”

“ይሄስ?”

“ስኳር።”

“ይሄኛውስ?”

“እሱን ባትጠይቂኝ ይሻላል።”

ሳቀች፤ ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረችና ሳቋ ቆመ። “ማመልከቻው አርባ ሁለት ይላል። እዚህ አርባ አንድ ነው።”

ምንም ሳላስቀር አስረዳኋት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ደጋግማ ወረቀቱን አየችው። “ስም መጨመር እችላለሁ፣ ግን ራሷ መጥታ አሻራ ካደረገች ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ይቅርታ አባባ።”

አባባ! ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ አንድ ሳምንት እታመም ነበር። ያን ቀን ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አራት ከሃያ ነበር። ከጎን ባለው አዳራሽ ስለ ረቂቁ ውይይት ይካሄዳል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሃይላንድ ውሃ ተደርድሯል። አንዱ ስለ ሰብሳቢዎች ይናገራል፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አርባ አንዱ ገብተው አለቃቸው ውጭ ቀረች ብዬ ቡታጅራ እንዴት እንደምገባ አሰብኩ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል። ልጅቷ ማኅተሟን አወጣችና አየችኝ። አምስት ከአርባ።

በሩ ላይ ጠብ የሚመስል ነገር ተሰማ። ጥበቃው፣ “ማዳበሪያ ይዞ አይገባም!” ይላል።

“ባዶ ነው! ከፈለግህ ግባበትና እየው!”

ድምፁን አወቅኩት። እትዬ አስካለ ባዶ ማዳበሪያዋን ክንዷ ላይ ጠቅልላ ገባች። ከኋላዋ በሩ ላይ ሁለት ቆራሌዎች ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆመዋል። እኔን አልፋ ወደ ልጅቷ ሄደች።

“የት ነው የማስቀምጠው ጣቴን?”

ልጅቷ ወረቀቱን አዞረችላት። እኔ፣ “ስልክሽን ለምን ዘጋሽው?” አልኳት።

“ለምን ልክፈተው? እንድትዋሸኝ?” ጣቷን ቀለሙ ላይ አሸች። “የመጀመሪያውን መኪና ነው የያዝኩት።”

“ቢሮውን እንዴት አገኘሽው?”

“መገናኛ ስወርድ ‘ቆራሌው!’ ሲሉ ሰማሁ። የአገሬ ልጆች ናቸው። ይኸው እስከ በሩ አደረሱኝ።”

አውራ ጣቷን ተጫነች፣ አነሳች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና ቅንድቧ ተሰበሰበ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው። “እናቴ፣ መስመሩ አይታይም። ይድገሙት።”

ደገመችው። ያው ነው። ለስድስት ዘጠኝ ጉዳይ ሆኗል።

“መስመሩ የለም” አለች እትዬ አስካለ፣ ጣቷን ወደ መብራቱ እያዞረች። “ቆርቆሮው በልቶታል።”

ልጅቷ የእትዬ አስካለን መዳፍ አየች። ከዚያ የቀሩትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለጠች፣ በርበሬውን፣ ስኳሩን፣ የተለበለበውን። አርባ አንድ ሰማያዊ ነጠብጣብ። አንዱም ላይ መስመር አልነበረም። ስሟን ጻፈች፣ ቁጥሩን አርባ ሁለት አደረገች፣ ማኅተሙን መታች። ደንቡ ሲጸድቅ ምን እንደሚል እሷም አታውቅም፤ “እኛ ጋ ግን ገብታችኋል” አለች።

መቀበያ ደረሰኙን ስትዘረጋ እጄን ሰነዘርኩ። እትዬ አስካለ ቀደመችኝና ከመቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

አዳራሹ ለምሳ ተበተነ። ሰዎቹ ውሃቸውን ግማሽ ግማሽ ጠጥተው ጠርሙሱን እዚያው ትተው ወጡ። እትዬ አስካለ ማዳበሪያዋን አራግፋ ገባች። አንዱ ባለ ከረባት በትሕትና፣ “እናት፣ ይተዉት፣ እሱን የሚያነሳ ሰው አለ” አላት።

“አውቃለሁ” አለች። “መጣሁ።”

ከድጃ ቤት ምሳ በላን። ከድጃ ያልጠየቅናትን ቆሎ በፈተና ወረቀት ጠቅልላ አሸከመችን። ከአየር ጤና መኪና ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ “እትዬ አስካለ፣ ደክሞሻል፣ ትንሽ ተኚ። ደረሰኙን እኔ ልያዝልሽ” አልኳት።

መቀነቷን አጠበቀች።

“መምህር” አለች፣ “አንተ ሃይላንዱን ያዝ።”

ማዳበሪያውን ጭኔ ላይ አደረገችልኝና ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ቡታጅራ አቅፌው መጣሁ። አንድም አልጎደለም፣ ቆጥራ ነው የተረከበችኝ።